ደረጃ

ሲያልኮት፣ መቀስ ቤት። እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ፤ እጄ ብረት አይነካም፤
ጉልዛማን ይሞርዳል፤ እኔ እጽፋለሁ፦ «እንከን የለም።»

ባለፈው ኅዳር ከጀርመን መርማሪዋ መጣች፤
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አቧራውን ለካች፤
መስኮት አስከፈተች፤ ማራገቢያ አስገባች፤
«ጭንብል ለሁሉም» አለች፤ አለችና ፈረመች።
እውነቱን ልናገር፦ ጉልዛማን ሳሉ ተሻለው፤
ሚስቱን እንቅልፍ ወሰዳት፤ ይህን ንቆ የሚያልፍ ማን ነው?

ግን መቀሱ ባሕር ሲሻገር ስሙን ይለውጣል፤
የጉልዛማን ጣት የሳለው በባዕድ ማኅተም ይወጣል፤
ከዚህ በቁርስ ዋጋ ተሸኝቶ፣ እዚያ የወር ቀለብ ያወጣል።

መጠይቁ አርባ አንድ ገጽ ነው፦ የብረቱን ጥንካሬ፣
የውሃውን ሙቀት፣ የአምፖሉን ጉልበት፤ ሞላሁት እስከ ዛሬ።
ትርፉ ማን ኪስ እንደገባ ግን
የሚጠይቅ መስመር የለውም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣
ግድግዳው ላይ የሰቀልነውን ወረቀት አየና
«ምን ይላል?» አለኝ።
«ደረጃ» አልኩት። «ዓለም አቀፍ።»
ዞሮ ደረጃውን አየ፣ ወደ ቢሮ የሚያወጣውን፤ ሳቀ።
«ከሥሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሠራሁ፤
መልካም ደረጃ ነው፤ ጥላ አለው።
ስትመለስ ንገራት፤
ሜትሯን ትንሽ ትሳበው፤
እስከ መሸጫው ይድረስ።»

ማታ፣ «የሠራተኛ አቤቱታ» ከሚለው ፊት
«የለም» ልል ነበር፤ አልጻፍኩም።
ባዶ መስመር በደንባቸው እንከን ነው፤
መጠየቃቸው አይቀርም።