የማን እንግዳ ነሽ?

ሚኒባሱ ሐረጎን ወጥቶ፣ ተንፍሶ ሲቆም መናኸሪያ፣
ደሴ ገና አልመጣችም፤ የለም ግንብ፣ የለም ጣሪያ፤
ጉም ብቻ። ከጉሙ ውስጥ አንድ ድምጽ፣ ቀጥሎ አንድ እጅ፤
«ሻንጣሽን ልያዝ፣ እትየ? የማን ነሽ? የማን ወዳጅ?»
«የማንም» አልኩት። ሳቀ። ሻንጣዬን እንደያዘ፣
«እንዴት የማንም?» እያለ በዳገቱ ተጓዘ።

አራሚ ነኝ በሙያዬ፤ የሰው ስሕተት ለቃሚ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የነጥብ፣ የሰረዝ ታማሚ።
ዕረፍት ወሰድኩ ዘንድሮ፤ ለሠርግ አይደል፣ ለለቅሶ፣
ለእግሬ ነው፣ ከወንበር ሥር ለኖረው፣ ታጥፎ፣ አንሶ።

ይህን ለማን ልንገር? ፒያሳ፣ ከአሮጌው ፎቅ በረንዳ፣
ቁልፍ ቀራጩ ጋሽ እንድሪስ፣ «ደህና መጣሽ፤ የማን እንግዳ?»
ሸዋ በር፣ ከመስጊዱ ሥር፣ ሙዝ የምትሸጥ ልጅ እግር፣
«ማንን ፈልገሽ ነው እታለም? ስሙን ጥሪው፤ አንቸገር።»
«ልዙር ነው» ስላት አዘነች፣ አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛ፤
ብቻ መዞር እዚህ ሕመም ነው፣ አይደለም ለካ ዋዛ።
«አብሽሪ» አለችኝ፣ «ያልፋል»፤ ሁለት ሙዝ ጨመረችልኝ።
ያኔ ነው ውሸት የመጣልኝ።

«ጦይባ አሊጋዝ» አልኩ። ስሙን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፤
ያረምኩት ይሆናል ድሮ፣ ከዕቁብ ደብተር፣ ከክስ ማስረጃ።
ልጅቷ ሙዟን ለጎረቤት ትታ ተነሣች፦ «ጦይባ? የትኛዋ ጦይባ?
የክር ነጋዴዋ? ወይስ የሆጤዋ፣ ግቢዋ ሙሉ አበባ?»

ከተማውን እንዲያ አየሁት፤ ከእጅ ወደ እጅ ስተላለፍ፣
እንደ አደራ ፖስታ፣ አድራሻውን ዝናብ እንዳጠበው ከጫፍ እስከ ጫፍ።
ጋሽ እንድሪስ ሱቁን ዘግቶ ተከተለን፤
ባየህ፣ ጡረተኛው ሹፌር፣ ቦርከና ድልድይ ላይ ጠበቀን።
የክሯ ጦይባ የለችም፤ ሰኞ ነው፣ ባቲ ወርዳለች፤
ሱቋ ፊት ያለችው ድመት ብቻ ለሁላችን መለሰች።

የአንድ መጋዘን ቆርቆሮ፣ ጥይት የበሳው፣ ከውስጥ መብራት ሲበራ
ኮከብ ይመስላል አሉኝ። ከዚያ ማንም ስለዚያ አላወራ።

አይጠየፍ ፊት ስንደርስ ቆሙ፤ ግንቡን በዱላ አሳዩኝ፤
«ስሙን ልብ በይ፤ ማንንም አይጠየፍም» አሉኝ፤
«ሰው ሳይኖረው የመጣውንም።» ውሸቴን ይሆን ያወቁት?
ጣሪያው ላይ እርግቦች ነበሩ፤ ጉሙን በክንፍ የሚገልጡት።

ሰሌዳ ሳነብ በየመንገዱ ጣቴን እርማት በላው፤
«ልብስ ስፌት» ይላል አንዱ፤ ማዶ «ልብሥ ሥፌት» ነው ያለው።
ተውኩት። ልብሱ ተሰፍቷል። ሰው ይለብሰዋል። ይበቃል።
ጦሳም ብቅ አለ ከላይ፤ ራሱን ያለ ነጥብ ጽፏል።

ሆጤ ስንደርስ ዐሥር ሰዓት ሆነ። ሻንጣዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።
በሩ አረንጓዴ ነው። ባየህ መታው፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ በዱላ።
«ጦይባ! እንግዳሽን አመጣንልሽ!»
ልሩጥ? በየት? ሁሉም ያየኛል፣
እንዲያ ደስ ብሏቸው።

ወጣች። ረጅም ሴት። ጣቷ አፈር፣ መነጽሯ ግንባሯ ላይ።
አየችኝ፤ ቆየች፤ ደግሞ አየችኝ፣ እንደሚፈተሽ ሸማ፣ በፀሐይ።
አታውቀኝም። እንዴት ታውቀኝ? ከአንድ ቃል ሠራኋት እኔ።
«ዘገየሽሳ» አለች፤ «ግቢ፣ ብርድ ነው፣ አንቺ የኔ።»

ሰዎቹ ረክተው ተበተኑ፤ እንድሪስ ወደ ቁልፉ፣ ልጅቷ ወደ ሙዙ፤
ቀኑን ሙሉ የተሸከሙት ውሸቴ ነበር ጓዙ።

በሩ ሲዘጋ፣ «እማማ፣ እኔ...» ስል ጣቷን አነሣች፤
ከደጁ ጣሳ አንድ የደረቀ ቅጠል ቀነጠሰች። ከዚያ ነው የተናገረች፦
«የአባቴ ስም አሊጋዝ አይደለም፤ አበጋዝ ነው፣ አበጋዝ።
ለሌላ ጊዜ አርሚው።» መብራት የለም፤ ፋኖሷን ሞላችው ጋዝ።

ጉሙ በመስኮት ተመልሶ ገባ።
እኔም ጫማዬን አወለቅሁ።