ነጂብ፣ ስልኩን ከፍ አድርግ

እዚህ ኖርዌይ ጫፍ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ከጨለመ ቆየ፤
ከኅዳር ወዲህ ማንም ሰው ፀሐይን አላየ።
የዓሣ ፋብሪካው ወለል በበረዶ ውሃ ርሷል፣
ቢላዬ በቀዝቃዛ ሆድ ወርዷል፣ ተመልሷል፤
ጆሮዬ ግን ከኮፍያው ስር
ድሬ ሄዷል።

ድሬ አስር ሰዓት ነው።
ሙቀቱ ከሲሚንቶው ደረጃ ገና አልተነሣም፤
ያለ ካርቶን የተቀመጠ ሰው አይቆይም።
የበርጫው ሰው ጉንጩን ወጥሮ ገብቷል፣
ዳኛውን ገና ሳያየው ሰድቦታል።

"ጋሼ፣ ይሰማል?"
"ይሰማል። ነጂብ፣ ስልኩን ከፍ አድርግ።"

ነጂብን በዓይኔ አላውቀውም።
ውሃ ሻጭ ነው፤ አስራ ሁለት ዓመቱ ይሁን አስራ አራት
እሱም እርግጠኛ አይደለም።
ድሮ ስልኩን የሚይዝልኝ አፈንዲ ነበረ፣
የገንደ ቆሬ ልጅ፣ አብሮኝ አጥር የዘለለ፤
እሱም አምና በባቡር ጅቡቲ ወረደና እዚያው ቀረ፣
ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል። ሲሄድ ግን አልከዳኝም፦
"አንድ ልጅ አለ፣ አቦ፣ ካርድ ሙላለት፣ ሌላ አይጠይቅህም።"

ይኸው በየሳምንቱ ሃምሳ ብር እልካለሁ፣
ዘጠና ደቂቃ ጩኸት እገዛለሁ።

ነጂብ የተጫዋች ስም አያውቅም፦
"ረጅሙ ለተላጨው ሰጠው፤ የተላጨው ወደቀ፤
ያኛው ደግሞ... ቆይ ጋሼ፣ ሁለት ውሃ ልሽጥ።"
ጨዋታው ያለ እኔ ይሄዳል። ሲመለስ ኳሷ ጥግ ላይ ናት፣
በማን እግር እንደደረሰች አላህ ይወቅላት።

"ምስማር አልገባም?" አልኩት አንድ ቀን።
"የቱ ምስማር?"
"ቶፊቅ ነዋ! ቶፊቅ ምስማር! በግራው የሚመታ፣
ደቻቱ አሸዋ ላይ ያደገ፣
ስንቱን በረኛ እንቅልፍ የነሣ ማታ ማታ!"
ዝም አለ። አጠገቡ ያለውን ሰው ጠየቀልኝ።
ቀድሞ የመጣው ሳቅ ነው።
"ጋሼ፣ እሱማ የባጃጅ ጎማ ነው የሚሸጠው፤
ሆዱ ይኼን ያህላል!"
ስንት እንደሚያህል በስልክ አይታየኝም፤
እኔም ራሰ በራ መሆኔን ለነጂብ አልነገርኩትም።

የነገርኩት አንድ ነገር ነው፦ ማልያ ለብሻለሁ አልኩት።
አልዋሸሁትም።
ፋብሪካው የሰጠኝ የላስቲክ ቱታ ብርቱካናማ ነው፣
ከደረቱ የኩባንያው ስም፣ ከጀርባው ቁጥር አለው፤
ሰላሳ ሰባት።
"እንዲህ ያለ ቁጥር የለንም" አለ። "ተቀያሪ ነህ?"
ተቀያሪ ነኝ፣ ነጂብ።
አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰውነቴን እያሟሟቅሁ
በመስመሩ ዳር እሮጣለሁ፤
የሚጠራኝ የለም፤ ቁጭ በልም አልተባልሁ።

ዛሬ ግን ሌላ ነው። ዛሬ የሐረር ልጆች መጥተዋል፣
በሁለት አውቶቡስ፣ እየዘፈኑ፣ ደንገጎን ወርደዋል፤
ካሸነፉን እስከ ክረምት
ያን ተራራ ቀና ብለን አናየውም።
ሰማንያ ስምንተኛ ደቂቃ። ባዶ ለባዶ።
ከዚያ ፊሽካ።
ከዚያ የሺህ ሰው ትንፋሽ ባንድ ላይ ሲቆረጥ።
"ነጂብ! ምንድነው? ነጂብ!"
"ፔናሊቲ ጋሼ!"
"ለማን?"
"ቆይ ቆይ... ሰውየው ሸፈነኝ... ወሪያ፣ ዝቅ በል!... ጋሼ፣ በረኛው..."

ጥቅሉ አለቀ።

ጓንቴን አውልቄ፣ በዓሣ እጄ፣ ሃምሳ ብር ላክሁ።
አለቃዬ አየኝ። ቢላዬን አነሣሁ።
ሃያ ደቂቃ። ስድስት ሳጥን ዓሣ።
ውጤቱን ከሌላ ቦታ ማየት እችል ነበረ፣
አውራ ጣቴ መስታወቱን ነክቶ ቀረ፤
ከነጂብ አፍ ካልሰማሁት ምን ያደርግልኛል?

ከዚያ ኪሴ ተንቀጠቀጠ። የድምፅ መልእክት፣ አስር ሰከንድ።
ሳያስበው የነካው ይመስለኛል፤ እኔን አይደለም የሚያናግረው።
የሕዝብ እግር፤ የብረት በር፤
የባጃጅ ጥሩንባ ከዚራን ሲያናውጠው።
የድሬን ባጃጅ የሚያውቅ ያውቀዋል፦
ሲደሰትም ሲናደድም ጥሩንባው አንድ ነው።
ደግሜ ሰማሁት። ሰባት ጊዜ።
ከጩኸቱ ስር፣ ቀጭን፣ ወደ ሥራው የተመለሰ ድምፅ፦
"የቀዘቀዘ ውሃ! የቀዘቀዘ ውሃ!"

እኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ቆሜበታለሁ።