ቁራኛ

ደሴ ከፍርድ ቤት በር፣ ጃንጥላው ሥር ውሎ፣
ጸሐፊው ያየኛል ብዕሩን አዘንብሎ፤
«ከስሬያለሁ ልበል? ንገረኛ ይመር!»
ሦስተኛ ቀኔ ነው ቴምብሩን ስቆጥር።

የባንኩ ዕዳ በማኅተም፣ የጨርቁ በደረሰኝ፤
የኮምቦልቻው ባለመጋዘን በጠበቃ ከሰሰኝ፤
ሕጉስ ደግ ነው፤ ቀረ የዱሮው ቁራኛ፣
ሰው በነጠላ ጫፍ ታስሮ ካበዳሪው ጋር ላይተኛ።

ግን የጦይባ ብር
የላም ሽያጭ ነበር፤
ከሐይቅ ይዛ መጥታ፣ በመሐረብ ቋጥራ፣
«ሲሞላልህ» ያለችኝ፣ ሳታስፈርም፣ ሳትፈራ።
እሷን በየቱ ረድፍ ልጻፍ?
ዕዳዋ መሐረብ ነው፣ ቋጠሮው የለው ጫፍ።

«ጻፈው» አልኩት በቀስታ፣ «ከስሬያለሁ በለው፤
የሷን ግን ተው፣ እኔ ነኝ የምከፍለው።»
«ሁሉን ዘርዝር ነው ሕጉ» አለኝ።

ከጦሳ ጉም ወረደ፤ ጃንጥላው ታጠፈ፤
ቴምብሩ በእጄ ላብ መዳፌ ላይ ተለጠፈ።