የሆስፒታል ቢጫ

ኡፐርናቪክ ላይ፣ ከበረዶው አፋፍ፣
ኅዳር ሲገባ ነው ፀሐይ የምታርፍ፤
ጥር ተገባድዶ ብቅ እስክትል ድረስ
ጥላ እንኳ አይከተል ሰው ሲሄድ ሲመለስ።
ልጃችን አቪያያ ኅዳር ላይ ተወልዳ
ጨለማን ለመደች እንደ ገዛ ጓዳ።

ሃንሲኔ አንድ ወረቀት ከነርስ ተቀብላ
አነበበችልኝ ጣቷን አስከትላ፦
«ሰማያዊ ክፍል ልጅን ያረጋጋል፣
ቀይ ያቁነጠንጣል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፣
አረንጓዴም ሸጋ፣ ዓይንን ያሳርፋል።»

እኔ ከዓሣ ፋብሪካ ደክሞኝ የመጣሁ
ጓንቴን ሳላወልቅ እንዲህ ብዬ ሳቅሁ፦
«ይህን የጻፈው ሰው መስኮቱ ወዴት ነው?
ሰማያዊ ብርቅ የሆነበት ማነው?
እኛማ ሞልቶናል፤ በረዶው ሰማያዊ፣
የታኅሣሥ ቀትር ያው ሰማያዊ፣
ደጅ ስትወጣ ልጅሽ፣ ከንፈሯ ሰማያዊ!»

ሱቅ ወረድሁ። መርከብ እስከ ግንቦት የለ፤
አንድ ቆርቆሮ ብቻ መደርደሪያው ጥግ አለ፣
ከሆስፒታል እድሳት የተራረፈ ቢጫ።
ወሰድሁት፤ ምን ላድርግ? አልነበረኝም ምርጫ።

ዱሮ እዚህ ቀለም ነው የቤት አድራሻው፦
ቀዩ ቤት ሱቅ ነው፣ ሰማያዊው የዓሣው፣
አረንጓዴው ሬዲዮ፣ ቢጫው የሕመምተኛው።

ሃንሲኔ ቆርቆሮውን ስታይ ዝም አለች።
«እናቴ፣» አለችኝ፣ «በዚያ በር ገባች።»
አወጣጧን አልነገረችኝም፣
እኔም አልጠየቅሁም።

ማታ የእሷ ፈረቃ ነው። ስትወጣ ጠብቄ
አንዱን ግድግዳ ቀባሁ፣ አልጋውን አርቄ።
ጠዋት መጥታ አየች፤ ካፖርቷን ሰቀለች፣
ሁለት ቀን ሙሉውን ለድስቱ አወራች።

ዓመት አለፈና፣ ልጅቷ አፏን ስትፈታ፣
ከትራሷ አጠገብ፣ በጥፍሯ፣ ሌት ማታ፣
ቢጫውን ፋቀችው። አረንጓዴ ወጣ፣
ድሮ የሬዲዮ ሰው እዚህ ቤት ሲመጣ
የቀባው ይሆናል፤ ከዚያ ግራጫ፣ ከዚያም ጣውላ።
ጣቷን አስገብታ፣ «አለ!» ትላለች፣ «ሌላ!»
ልቆጣት ገባሁና ተንበረከክሁ ጎኗ፤
እኔም ጣቴን ከተትሁ፤ ጠበበኝ መስኮቷ።

ጥር ሃያ ምናምን። ሰፈሩ በሙሉ
ኮረብታ ላይ ወጣ፣ ልጆች እየዘለሉ።
ከባሕሩ ማዶ ስንጥር ብርሃን ታየ፣
ሰው ሁሉ ጓንት አውልቆ መዳፉን አሳየ።
አቪያያ ከትከሻዬ ጣቷን ቀሰረች፤
አምና ያየችውን የት ታስታውሳለች?
«ግድግዳዬ!» አለች።

ሰዉ ሳቀ። ሃንሲኔ ግን ሻርፗን እያጠበቀች
«ምን አለች?» ብላ ደግማ ጠየቀች።

ወረቀቱ ስለዚህ የጻፈው ነገር የለም።
ልጄም ከእኩዮቿ የተለየች አይደለችም፤
እንቅልፏም ያው ነው፣ ትነቃለች ሦስቴ።
ቀለሙ ምን ሠራ? አላውቅም በእውነቴ።

ያን ሌሊት ሃንሲኔ ልጅቷን አቅፋ ተኝታ፣
ጀርባዋን ለቢጫው ግድግዳ ሰጥታ፤
ብርድ ልብስ ልደርብ ስገባ በዝግታ፣
እጇ ወደ ኋላ፣ ከትራሱ በላይ፣
አንድ ጣቷ ገብቷል ቀዳዳዋ ላይ።