የቮላኖው ጥርስ

ካራን አልፎ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረት ሲጀምር፣
ከቆርቆሮው አጥር ውርጩ ሳይረግፍ፣ ሳይለይ ሰማይና ምድር፣
ቁልፉን ሳዞረው፣ ቅጭጭ... ዝም።
ደግሜ ሳዞረው፣ ቅርርርት! አይጣል ነው መቼም።
ተኝቶ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው፣
ድስት በሹካ እንደሚፍቁት፣ ቆዳ የሚያኮማትር ነው።
በሦስተኛው፣ እንዳልነበረ ሁሉ፣ ሞተሩ ይነሣል፤
የጎረቤት ውሻ ግን ነገሩን ይዞ እስከ ረፋድ ይጮኻል።

ምክር እንደሁ በኛ ሰፈር አይታጣም።
ዘበኛው ጋሽ ቱፋ፣ ብርድ ልብሱን እንደ ተከናነበ መጣና፣
«ባትሪው ነው ልጄ፤ ባትሪም እንደ ሰው ብርድ ይፈራልና።»
ጎማ ጠጋኙ ሙክታር «ቺንጋው ነው» አለ፣ እጁን በቡቱቶ እየጠረገ፤
ደላላው ጌጡ ድምፁንም አልሰማ፣ ዋጋ ነው የፈለገ፦
«ሳይብስባት ሽጣት! ገዢ አለኝ፣ ጆሮው እምብዛም፤
ደሞ ከሰዓት ነው የማሳየው፤ ከሰዓት አትጮኽም።»

እውነቱን ነው፣ ከሰዓት አትጮኽም።
ጋራዥ ስወስዳት፣ መገንጠያው ጋ፣ ከብሎኬት ማምረቻው ጥግ፣
ምን የመሰለች ጨዋ፣ ምን የመሰለች ደግ!
ቁልፍ ገና ሳይነካት ብድግ።
«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለኝ መካኒኩ ዘርጋው፤
ሐኪም ፊት ሲደርስ ሕመሙ እንደሚጠፋው
ሰው ተሸማቀቅሁ። ድምፁን በአፌ ላሰማው፣
«ቅርርርት» አልሁት። ረዳቱ ሳቀ። እሱ አልሳቀም፦ «ድገመው።»
ደገምሁ። «ሲጀምር ነው ወይስ ሲለቅ?»
«ሲጀምር።» «ረጅም ነው አጭር?» «አጭር፣ የሚያደርቅ።»
«ሁልጊዜ ነው?» «ጠዋት ብቻ።» ዝም አለ ለጥቂት።
«ነገ በአሥራ ሁለት ሰዓት እመጣለሁ፤ ማታ ካቆምካት ወዲያ እንዳትነካት።»

መጣ። ኮቱን ገልብጦ ለብሶ፣ በእጁ አንዲት ካቻቢቴ ብቻ፣
እጀታዋ ዋንዛ፣ ዘመን የጠገበች መፍቻ።
ጫፏን ከሞተሩ ሥር አሳርፎ፣ እጀታዋን ከጆሮው፣
ዓይኑን ጨፍኖ «አዙር» አለኝ፣ ደረት እንደሚያዳምጥ ሰው።

ቅርርርት!

«በቃ! ቁልፉን ልቀቅ።»
ማርሽ አስገብቶ፣ ከኋላ፣ በትከሻው ገፋት አንድ ስንዝር ያህል፤
«አሁን ነፃ አድርገህ አስነሣ።» ተነሣች፣ አንዲት ሳል እንኳ ሳታስል።

ጭቃው ላይ ክብ ሣለልኝ፣ በዙሪያው ጥርስ፦
«ባትሪውን አትማ፣ ሞተሪኖውን አትማ፤ እዚህ ጋ ነው የሚፈርስ።
ቮላኖ ይባላል። ሞተር ሲጠፋ አይቆምም እንዳሻው፤
ለምዶበት፣ አንድ ሁለት ቦታ ላይ ነው ማረፊያው።
ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ ቤንዲሱ እዚያው ሲነክሰው፣
እዚያው ሲነክሰው፣
ሌላው ጥርስ እንደ አዲስ፣ ያን ብቻ ሞርዶ ሞርዶ ጨረሰው።
ስትሞቅ ትዘለዋለች፤ ሲበርዳት ግን ያው፣ እዚያው።»
«ታዲያ መድኃኒቱ?» «ካምቢዮ ማውረድ፤ ቮላኖውን መቀየር።
እስከዚያው እምቢ ስትልህ አታስጩኻት፤ ትንሽ ገፋ፣ ከሌላ ጥርስ ጀምር።»

ሂሳብ ስጠይቀው «ሳወርዳት እንነጋገራለን» ብሎ በኮረቱ ወረደ፤
ጭጋጉ መጀመሪያ ኮቱን፣ ቀጥሎ ኮፍያውን ወሰደ።

ይቺ መኪና የኔ ብቻ አይደለችም፤ ግማሿ የወንድሜ የሰብስቤ ነው፤
በአንድ ዕቁብ ገዝተናት፣ ሊብሬው ላይ የኔ ስም ብቻ ነው ያለው።
አዳማ ነው እሱ። አራት ዓመት፣ በበዓል በበዓሉ፣ በስልክ ስንገናኝ፣
«ሀሎ» ሳንባባል ገና፣ ያቺ ሊብሬ ነች የምትቀድመኝ፤
ወይ እሱን። ቅርርርት። ከዚያ ዝም።
ሌላው ጥርሳችን ደህና ነው፤ የልጅነቱ፣ የመሳቂያው፤ አልነካነውም።

መኪናዋን አሙቄ፣ ሳልነዳ፣ መስታወቱ ላይ ውርጩ እስኪቀልጥ ቆየሁ፤
ስልኩን አወጣሁ፤ እንደ ልማዴ ከዚያው ቃል ልነሣ ቃጣሁ፣
ተውሁ።
ጠራ። «ምነው በማለዳ?» አለኝ፣ ድምፁ እንቅልፍ፣ ድምፁ ብርድ።
«ሰብስቤ» አልሁት፣ «እዚህስ ዘንድሮ ውርጩ ለጉድ።»
ትንፋሹ ብቻ ተሰማኝ። ቆየ። አንዴ ሳለ።
«የሞተር ድምፅ ይሰማኛል... ያቺ ናት? ተነሣች?» አለ።