ሐረጎ ላይ የቆመ

የጦሳ ጉም ቧንቧ ውኃ ወርዶ መስኮቴ ላይ ሲያርፍ፣
አሮጌውን ላፕቶፕ ከፈትኩ፣ ያልጨረስኩትን ላራግፍ።

የይመር ወፍጮ ቤት ሂሳብ፦ በር አለው፣ ጓዳ የለውም፤
የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ቢሰጡት የትም አያደርስም።
የሚኒባስ ተራ ማስከበሪያ፦ ከደሴ በጊዜ ተነስቶ፣
ኮምቦልቻ ሳይገባ ቀረ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ፈርቶ።

አንዱማ ስም እንኳ የለው። አርባ መስመር።
የሚያውቀው ጳጉሜን ብቻ ነው፣
በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን መሆኗን።

ልሰርዘው ስል ዘምዘም ደወለች፣ ከመድኃኒት ቤት፤
ኮምፒውተሯ ጳጉሜን ዘሎ የሽሮፑን ቀን አዛብቶባት።
አርባውን መስመር ላክሁላት።
ሠራ።

ጣቴ አሁንም መሰረዣው ላይ ነው።
ግን ሐረጎ ላይ በቆመው መኪና
«ወራጅ አለ» ያላለ ሰው ይኖር ይሆናል ገና።