ሰፈሩ እንዴት ነው?

«ሰፈሩ ሰላም ነው?» ብለሽ ጠየቅሽ፣
ሻንጣሽን ሳታወርጂ፣ ደጃፌ ቆመሽ።
ደላላው ምንይችል ካፌ ነጥቆ መለሰ፤
«ስሙ ራሱ ሰፈነ ሰላም!» አለና ላቡን አበሰ።
ስም መቼ በር ይዘጋል? ስም መቼ ይጠብቃል?
«ደስታ» ተብሎ ስንቱ ሲያለቅስ ያልቃል።

ኪራዩን ብፈልግም፣ እኔ ግን አልዋሽሽም፤
ክፍሏ ሦስት በአራት ናት፣ ጣሪያዋ አያፈስም።
ስለ ሰፈሩ ግን ቁጭ በይና ልንገርሽ፤
(ያ ዱካ ይንገዳገዳል፣ ወደ ግራ ይሁን ማዘንበልሽ።)

ስልክሽን ደብቀሽ ያዢ፣ ከገበያ ስትመጪ፣
ባጃጅ ውስጥ ብትሆኚም በመስኮት እንዳታወጪ።
አምና የኔን የመነተፈኝ ልጅ አልሸሸገም ፊቱን፤
ክርስትናው ቀን ጠላ የቀዳሁ ነኝ፤ አውቃለሁ እናቱን።
ሲሮጥ አንድ ጫማው ወልቆ አስፋልቱ ላይ ቀረ፤
አንስቼ ወሰድኩላት።
በሦስተኛው ቀን ስልኬ በፌስታል ተጠቅልሎ አጥሬ ሥር አደረ።
ሲሙን ግን እስካሁን አልመለሰም።
ሌብነት በይው ጨዋነት፣ እኔ ስም አላወጣሁለትም።

አጥሩ ላይ ያለውን የጠርሙስ ስባሪ አትይው በክፉ፤
ድመቶቹ ለምደውታል፣ በመሃሉ ነው የሚያልፉ።

ጋሽ እንየው የሚባል አለን፣ የሌሊት ዘበኛ፣
በወር መቶ መቶ ብር የምናዋጣለት እኛ።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን ያስላል፣ ሆን ብሎ፤
«ነቅቻለሁ» ማለቱ ነው፣ ዱላው ክንዱ ላይ ተንጠልጥሎ።
አንድ ሌሊት ሳሉ ጠፋ። ሰፈሩ ባንዴ ነቃ፤
በዝምታ የምንባንን ሰዎች ሆነናል በቃ።
ባትሪ ይዘን ወጣን፤ እኔ ዘነዘና፣ ፈንታነሽ ፍልጥ ይዛ፣
አገኘነው ያንኮራፋል፣ ጋቢው ርሶ በጤዛ።
አልቀሰቀስነውም። እስኪነጋ ቆምንለት፤
ጠባቂያችንን ስንጠብቅ አደርን፣ ደሞዙንም አልቆረጥንበት።

ሐይቁ? አዎ ቅርብ ነው፤ ሲነፍስ ይሸትሻል ደንገሉ።
በጨለማ ግን አትውረጂ፣ ጉማሬ ይወጣል ይላሉ።
እኔ ጉማሬ አልፈራም፤ ሣሩን ግጦ ሲጠግብ ይመለሳል።
ሲጠግብ የሚመጣ ሌላ አለ... እሱን መተው ይሻላል።

ሌሊት ድምፅ ከሰማሽ ከመስኮቱ ራቂ፣ ግድግዳውን ተጠጊ፣
መብራት አጥፊ፤ ስልክሽንም ድምፁን ዝቅ አድርጊ።
የልጄ ልጅ ትብለጥ፣ ገና ስድስት ዓመቷ፣
ርችቱን ከሌላው ትለያለች፤ ጆሮዋ ሆኗል ትምህርት ቤቷ።
ይኼን ስነግርሽ ሳቅሁ አይደል? ሳቄን አትመኚው።

ከሆስፒታል ስትወጪ ቢመሽብሽ፣ ባጃጅም ብታጪ፣
በዘንባባው ጎዳና አይሁን፤ በወፍጮ ቤቱ በኩል ቁረጪ።
ሞላልኝ ባለወፍጮው የደጁን አምፖል አያጠፋም፤
ቆጣሪው ቢሮጥም «ሰው ከሚጎድል» ይላል፣ ሌላ ወሬ አያሰፋም።
ስትደርሺ ንገሪኝ፣ በሩን ቆርቆር አድርጊ።
እኔ እንደሆንኩ አልተኛም።

«ታዲያ ሰላም ነው?» አልሽኝ እንደገና፣ ዓይንሽ ቁልፉ ላይ።
እንዴት ብዬ ልመልስልሽ? ያለው ይኼው ነው፣ አንቺው እይ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬበታለሁ፤ ሦስቴ ጓጉንቸር ቀይሬያለሁ፣
ሁለት ዶሮ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ባል አጥቻለሁ።
(ባሌን ሌባ አልወሰደውም። ወባ ነው።)
አንድ ቀን ግን ታምሜ ሳልወጣ ረፋዱ ቢገፋ፣
አምስት ሰው በሬን አንኳኳ፤ ስድስተኛው መቀርቀሪያውን ገነጠለው በግፊያ።
እስካሁን አላሠራሁትም፤ ለዚያ ነው በሩ የሚንሿሿው።

ቁልፉ ይኸው፣ ሁለት ነው። አንዱ ያንቺ ነው፣ ያዢው፤
ሌላው እኔ ዘንድ ይቀመጥ፣ ካላመንሽኝ ውሰጂው።

አንዱን ያዝሽ። ሌላውን ዱካው ላይ ተውሽው፤
ሻንጣሽንም ያን ጊዜ ነው ያወረድሽው።
ምንይችል ኮሚሽኑን ሁለት ጊዜ ቆጠረ።